ቀዳዳ የሌለው ዓሣ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከሲንጀሬ ጋር፣
አራዳ በረንዳ ጎንበስ ብዬ ስኖር፣
ውኃን የማውቀው ለካውያ ስረጨው ነበር።

አንድ ቀን ደንበኛ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ፣
ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ከስልኩ ውስጥ አወጣ፤
«ጎርጎራ ነው፣ በገዛ እጄ» ሲል መንጠቆ ዋጥኩኝ፣
ሱሪውን አሳጥሬ ልቤን አስረዘምኩኝ።

ቅዳሜ ገበያ አንድ ነጋዴ አገኘሁ፣
የተናገረውን ሁሉ እንደ ወንጌል ሰማሁ፦
«ይኼ ዘንግ ይታጠፋል፣ ያኛው ይጠነክራል፣
መዘውሩን እየው፣ እንደ ሰዓት ይዞራል፤
ክሩ ባለ ሃያ ነው፣ በሬ ይጎትታል፣
ይኼ የፕላስቲክ ዓሣ ከእውነተኛው ያምራል!»
ያምራል፤ አልዋሸም፤ ዓይኑ ያብረቀርቃል፣
እንኳንስ ዓሣውን ልብስ ሰፊ ያጠምዳል።
የሁለት ካፖርት ዋጋ ቆጥሬ ከፈልሁ፣
ለሚስቴ ለአንጓች ግን ግማሹን ነገርሁ።

ሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣
ዘንጌ በሚኒባሱ መስኮት ሲወጣ ሲገባ፣
ረዳቱ «ለዘንጉም ሒሳብ!» ሲለኝ ያለ ይሉኝታ፣
ጎርጎራ ደረስኩኝ፤ ጣና ጭጋጉን ሳይፈታ።

ወረወርኩ። መንጠቆው ዞሮ ሾላ ላይ ተሰካ።
ደገምኩት። ክሩ ባዘቶ ሆኖ እግሬ ሥር ቁጭ አለ ለካ!
ሠላሳ አንድ ዓመት ክር የታዘዘልኝ ሰውዬ
ውኃ ዳር ተቀምጬ ክር ስፈታ ዋልኩ፣ ጌታዬ።

ይርሳው የሚሉት አጥማጅ፣ ታንኳውን እየጠገነ፣
ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ፣ ሳቁን ውጦ አዘነ።
ሸምበቆ ሰጠኝ፣ ቡሽ፣ ናይለን፣ ቁራጭ እርሳስም ጨመረ፦
«መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ጥላህን ዓሣው ይፈራል።
ፀሐይን ፊት ለፊት ያዛት፤ ጥላህ ወደ ኋላ ይቀራል።
ከደንገሉ ጠርዝ ጣለው፤ ከመሐል ምን ትሻለህ?
ቆሮሶ ጥላ ይወዳል፤ አንተስ በቀትር የት ትቀመጣለህ?
ቡሹ አንዴ ቢነቀነቅ፣ ዝም፤ እየቀመሰ ነው።
ሁለቴም ቢሆን ዝም፤ እንደ ደንበኛህ እያማረጠ ነው።
ሲሰምጥ ግን፣ ያኔ ነው እጅህ የሚነሣው፤
እንደ ክር ሳብ አርገው እንጂ እንደ ገመድ አትጎትተው!»

ሰኞ አልፎ ሰኞ መጣ፤ እጄ ግን አይታገሥም፣
በአንደኛው እስባለሁ፤ ዓሣም የለም፣ ትልም የለም።

በሦስተኛው ሰኞ ባዶ እጄን መግባት አፈርኩኝ፣
ከወደቡ ሴቶች አንድ ደልዳላ ቆሮሶ ገዛሁኝ፤
ቤት ደርሼ «ይኸው!» ብዬ ደረቴን ነፋሁኝ።
አንጓች አገላበጠችው፤ አፉን በጣቷ ከፈተች፣
እንደ አዲስ ኮት ስፌት ከንፈሩን ዙሪያውን አየች፣
መነጽሯን አወለቀች፦
«ሠላሳ አንድ ዓመት ከልብስ ሰፊ ጋር ኖርኩኝ፤
መርፌ ያላለፈበት ስፌት ግን ዛሬ አየሁኝ።»
ሌላ አልተናገረችም። ጠበሰችው።
እያንዳንዱ እሾህ ስሜን ጠርቶ ጉሮሮዬን ቧጠጠው።

አራተኛ ሰኞ።
ያ የፕላስቲክ ዓሣ ሱቄ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤
ልጆች ያዩታል፤ አሁንም ያምራል።
እኔ ሊጥ ጠቅልዬ፣ ሸምበቆ ይዤ፣ ደንገሉ ዳር፣
ፀሐይን ፊት ለፊት፣ ትንፋሼን ቀጭን፣ እንደ ክር።
ቡሹ ተነቀነቀ። ዝም አልኩ።
ደገመ። (ይህን ደንበኛ አውቀዋለሁ፤ ዋጋ ጠይቆ ይሄዳል።)
ዝም አልኩ።
ሰመጠ።

ሳብኩ። ውኃው ውስጥ አንድ ነገር እምቢ አለኝ፤
በዕድሜዬ እንደዚያች እምቢታ ምንም ደስ አላሰኘኝ።
መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ፣ ጎኗ ላይ ፀሐይ ታትማ፣
መንጠቆውን ሳወጣ ተንፈራገጠች፤ ጣቴ ተወግቶ ደማ።
ይርሳው ከታንኳው ላይ «ይቺማ ገና ልጅ ናት» አለ።
አንጓችን አሰብኩ፤ ከንፈሯ ላይ ያለችውን ቀዳዳ፣ ማስረጃዬን፤
ጎንበስ ብዬ ለቀቅኳት፤ ጣና ወሰደ ምስክሬን።

ማታ ባዶ እጄን ገባሁ። ምንም አላልኩም፤ ምን ልበል?
አንጓች እጅ ልታስታጥበኝ ስትል
ጣቴን ያዘች፤ ወደ መብራቱ አስጠጋች፣
ያቺን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አየች።
«ዛሬስ» አለች፣ «መርፌው አልፏል።»